በትምህርት ቤት ጥቃት ላይ የተሠሩ ፊልሞችና ድራማዎች፦ ለማን የትኛው ይሆናል?

ስለ ትምህርት ቤት ጥቃት የሚያወራ ፊልም ለልጁ ወይም ለተማሪዎቹ ለማሳየት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ደም አለበት ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን ያሳስታል። አንድ ጠብታ ደም የማይታይበት ፊልም የ13 ዓመት ልጅን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል። በተኩስ የሚጀምር ሌላ ፊልም ደግሞ ወር ሙሉ ሲኮራረፉ የከረሙ እናትና ልጅን ሊያነጋግር ይችላል።

ከደሙ በፊት መታየት ያለበት ካሜራው ከማን ጎን እንደቆመ ነው። ከተጠቂው ነው? ከአጥቂው? ከወላጁ፣ ከመምህሩ፣ ወይስ ዳር ቆሞ ከሚያየው ልጅ? ቀጥሎ የሚታየው ታሪኩ ሲያልቅ የሚሸለመው ማን እንደሆነ ነው፤ የተናገረው ልጅ፣ የተበቀለው ወይስ የሞተው። እነዚህን ሁለቱን ካወቃችሁ ምርጫው ግማሽ መንገድ ሄዷል። (ከታች ያሉት ዓመታት የኢትዮጵያ ካልተባለ በስተቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የዕድሜ ደረጃው የማይነግራችሁ ነገር

ሊ ሂርሽ የሠራው «ቡሊ» የተባለው የአሜሪካ ዘጋቢ ፊልም በ2012 ለሕዝብ ሲቀርብ «አር» ደረጃ ተሰጥቶት ነበር። ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ ገብቶ አያይም ማለት ነው፤ ፊልሙ የተሠራው ግን በትክክል ለእነዚያ ልጆች ነው። ምክንያቱ ደግሞ ስድብ ነበር። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ጥቂት የስድብ ቃላት ተቆርጠው ወደ «ፒጂ-13» (ከ13 ዓመት በታች ልጅ ያለው ወላጅ ይጠንቀቅ ወደሚለው ደረጃ) ወረደ። በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ውስጥ አንዱ ልጅ ሲሰደብና ሲመታ የሚታይበት ዋናው ትዕይንት እንዳለ ቀረ።

ደረጃው በዋናነት የሚቆጥረው ስድብ፣ ደም፣ እርቃንና አደንዛዥ ዕፅ ነው። ተስፋ መቁረጥን የሚለካበት ሚዛን የለውም። «ፒጂ-13» የተባለውን «ማስ» (2021) ብትከፍቱ አብዛኛውን ሰዓት አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲያወሩ ነው የምታዩት፤ ለ14 ዓመት ልጅ ግን ከብዙ የጦር ፊልም የከበደ ነው። ስለዚህ ደረጃውን እንደ መነሻ ያዙት፤ ውሳኔውን ግን ሙሉውን ራሳችሁ ካያችሁ በኋላ አድርጉት። ትሬለር አይቶ መወሰን አያዋጣም። ትሬለር የሚሠራው ለገበያ ነው፤ የዝምታ ፊልምን የድብድብ ፊልም አስመስሎ ያቀርባል።

«አዶለሰንስ» ወይስ «13 ሪዝንስ ዋይ»?

ወላጆች በብዛት የሚያወዳድሯቸው እነዚህን ሁለቱን የኔትፍሊክስ ሥራዎች ነው። ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው።

በመጋቢት 2025 የወጣው የእንግሊዙ «አዶለሰንስ» አራት ክፍል ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ በግምት ከ50 እስከ 65 ደቂቃ ይወስዳል። ጃክ ቶርንና ስቲቨን ግራም ጻፉት፣ ፊሊፕ ባራንቲኒ አዘጋጀው። እያንዳንዱ ክፍል ካሜራው አንዴ ከተነሳ ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻው የተቀረጸ ነው። ፖሊስ በማለዳ በር ሰብሮ ገብቶ የ13 ዓመቱን ጄሚን ከአልጋው ያነሳዋል፤ ልጁ ከድንጋጤ የተነሳ ሱሪው ላይ ይሸናል። አብራው የምትማር ልጅ በስለት ተገድላለች። የመጀመሪያው ክፍል ሳያልቅ «ማን አደረገው?» የሚለው ጥያቄ ይዘጋና «ለምን?» ይከፈታል። ግድያው ራሱ በቅርበት ተቀርጾ አይታይም።

ለወላጅ ከሁሉም የሚጠቅመው ሁለተኛው ክፍል ነው። መርማሪው ልጅቷ በጄሚ የኢንስታግራም ገጽ ላይ ያስቀመጠቻቸውን ትንንሽ ምልክቶች (ኢሞጂዎች) አይቶ የወዳጅነት መስለውታል። እዚያው ትምህርት ቤት የሚማረው የገዛ ልጁ ለብቻው ወስዶ ያስረዳዋል። ዲናማይቱ ምን ማለት እንደሆነ፣ ቀዩ ክኒን ከየት እንደመጣ፣ «100» የሚለው ቁጥር «ሰማንያ በመቶ ሴቶች የሚፈልጉት ሃያ በመቶውን ወንድ ብቻ ነው» ከሚለው የኢንተርኔት ወሬ ጋር እንዴት እንደተያያዘ ይነግረዋል። አባትየው ሰላምታ ብሎ ያነበበው ለካ ማላገጥ ነበር። የልጁን ስልክ በየቀኑ የሚፈትሽ ወላጅ ሁሉ ይህን ትዕይንት ቢያይ ይጠቀማል፤ ፊደሉን ማንበብ ሌላ፣ የተባለውን መረዳት ሌላ።

ሦስተኛው ክፍል በትወናው የላቀ ነው። ልጁና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ በአንድ ክፍል ተቀምጠዋል። ትኩስ ቸኮሌት ይዛለት መጥታለች፣ ከሳንድዊቿም ግማሹን ሰጥታዋለች። ልጁ አንዴ ሕፃን፣ አንዴ አስፈራሪ ወንድ ይሆናል፤ ኩባያውን በአየር ላይ የሚያበርበት ቅጽበት ከየትኛውም ድብድብ በላይ ያስደነግጣል። ኦወን ኩፐር በዚህ ሚናው በ15 ዓመቱ ኤሚ ሲያገኝ ሽልማቱን በትወና ከወሰዱ ወንዶች ሁሉ ትንሹ ሆነ። ተከታታዩ በብሪታንያ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በነጻ እንዲታይ ተፈቅዷል። ከ14 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ከአዋቂ ጋር ይሆናል።

ጉድለትም አለበት። የተገደለችው ልጅ ማን እንደነበረች አናውቅም ማለት ይቻላል፤ ካሜራው ከገዳዩና ከቤተሰቡ አይርቅም። ይህን የሁለተኛው ክፍል ሴት መርማሪ ራሷ ታነሳዋለች። ከሴት ልጆች ጋር የምታዩ ከሆነ ውይይቱን ከዚህ ጀምሩ፤ ካልጀመራችሁም እነሱ ይጀምሩታል።

«13 ሪዝንስ ዋይ» ከ2017 እስከ 2020 አራት ሲዝን ሄዷል። ራሷን ያጠፋች ተማሪ በሰባት ካሴት፣ በ13 ገጽ፣ ለበደሏት ሰዎች ድምፅዋን ትታለች፤ እያንዳንዱ ገጽ ለአንድ ሰው ነው። ትረካው ጎበዝ ነው፣ ልብ ይሰቅላል፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ልጅቷ ከሞተች በኋላ ሁሉም ይሰማታል፣ ሁሉም ይጸጸታል፣ ሁሉም ስለሷ ያወራል። ሞት መልእክት ማድረሻ ሆነ ማለት ነው። እርዳታ ፍለጋ የሄደችበት የትምህርት ቤቱ አማካሪ ደግሞ ሳይረዳት ይቀራል፤ የሚያየው ልጅ «ለአዋቂ መንገር ዋጋ የለውም» የሚለውን ይዞ ይነሳል።

በአሜሪካ በተደረገ አንድ ጥናት፣ ተከታታዩ በወጣ በቀጣዩ ወር፣ በሚያዝያ 2017፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 17 በሆኑ ልጆች ላይ ራስን የማጥፋት መጠን 28.9 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። ጥናቱ «ምክንያቱ ፊልሙ ነው» ብሎ አልደመደመም፤ ሌሎች ተመራማሪዎችም ተከራክረውበታል። የሆነ ሆኖ ኔትፍሊክስ በሐምሌ 2019 ከመጀመሪያው ሲዝን የመጨረሻ ክፍል ሦስት ደቂቃ ገደማ የሚሆነውን የመሞቻ ትዕይንት ቆርጦ አወጣው። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ለፊልም ሠሪዎች ባወጣው መመሪያ ድርጊቱንና ዘዴውን አለማሳየትን፣ ከችግር የሚወጡ ሰዎችንና እርዳታ ሲሠራ ማሳየትን መክሯል። ተከታታዩን በዚህ ብትመዝኑት ይወድቃል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም የሚዞረው ቅጂ ሳይቆረጥ የተጫነው የድሮው ሊሆን ይችላል። ልጁ አይቶት ከሆነ የተከለከለ ነገር እንዳየ አድርጋችሁ አትቆጡ። የትኛው ክፍል ላይ እንደደረሰና ስለ ልጅቷ ምን እንዳሰበ ጠይቁት። ራሱን ስለመጉዳት እንደሚያስብ ከተጠራጠራችሁም በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። መልሱ አዎ ከሆነ ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት። ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ለተቸገረ ግን መልሳችን አጭር ነው፦ «አዶለሰንስ»።

የኮሪያዎቹ፦ በቀል፣ ድብድብና ፍርድ ቤት

ኮሪያዎች የትምህርት ቤት ጥቃትን ለብቻው ስም አውጥተውለታል፤ «ሃክፖክ» ይሉታል። የመከላከያ ሕግ ያወጡት በ2004 ሲሆን፣ ከ2026 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተማሪው በጥቃት የተመዘገበ ታሪክ ካለው ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት እንዲታይበት ወስነዋል። ድራማዎቻቸው በዚህ ጉዳይ ላይ ለምን እንደሚንተከተኩ ይህ ይነግራል። ግን ሦስቱ ታዋቂዎች ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

«ዘ ግሎሪ» 16 ክፍል ነው፤ ስምንቱ በታኅሣሥ 2022 መጨረሻ፣ ስምንቱ በመጋቢት 2023 ወጡ። ሶንግ ሄ-ክዮ የምትጫወታት ሙን ዶንግ-ኡን በተማሪነቷ በጋለ የፀጉር መተኮሻ ተቃጥላለች። መምህሩም እናቷም ክደዋታል፤ ከትምህርት ቤት ወጥታ ዕድሜዋን ሙሉ በቀል ታቅዳለች። ከባዱ የጥቃት ትዕይንት ያለው መጀመሪያው ክፍል ላይ ነው። ብዙ ሰው «ትንሽ ልየውና ልወስን» ብሎ የሚጀምረው እዚያው ላይ ስለሆነ ሳይዘጋጅ ይመታዋል። ከዚያ በኋላ የአዋቂዎች የበቀል ድራማ ነው፣ ቀዝቃዛና የተሰላ፣ እንደ ገበጣ። ተጠቂ የነበረ አዋቂ ሲያየው ውስጡ ቅቤ ይጠጣል። አሁን እየተጠቃ ላለ ልጅ ግን «ሃያ ዓመት ጠብቅና ተበቀል» ከማለት ሌላ የሚለው የለም። ለአዋቂ ድንቅ ነው፣ ለታዳጊ አይደለም።

«ዊክ ሂሮ ክላስ 1» (2022፣ 8 ክፍል) ወንድ ተማሪዎች የሚወዱት ነው። ትንሽ ሰውነት ያለው የክፍሉ አንደኛ የሆነ ልጅ ጉልበተኞቹን በጭንቅላቱ፣ በእስክርቢቶና በእጁ ባገኘው ነገር ይገጥማል። ስለ ጓደኝነት የሚያሳየው ልብ ይነካል፤ መጨረሻውም የድብድብን ዋጋ ደብቆ አያልፍም። ድብድቡ ግን ሲበዛ ያምራል። በቡድን ለሚደባደቡ ልጆች ብታሳዩት የሚማሩት ስልቱን ነው።

ሦስተኛው «ጁቬናይል ጀስቲስ» (2022፣ 10 ክፍል) ከሁለቱ ያነሰ ቢታወቅም ለውይይት ከሁለቱም ይበልጣል። ካሜራው ከዳኛዋ ጎን ነው። አንድ ልጅ ሕፃን መግደሉን አምኖ ፖሊስ ጣቢያ ይገባል፤ ዕድሜው 13 ነው፣ በኮሪያ ሕግ ደግሞ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይቀጣም፤ ልጁም ይህን ያውቃል። ጉዳዮቹ በአንድና በሁለት ክፍል እየተቋጩ ስለሚሄዱ አሥሩንም ማየት አያስፈልግም። ለውይይት የሚሆን ንጽጽርም ዝግጁ ነው፦ በእንግሊዝና ዌልስ የወንጀል ተጠያቂነት ከ10 ዓመት ይጀምራል፤ «አዶለሰንስ» ላይ ጄሚ በ13 ዓመቱ የሚከሰሰው ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው እንደ አዋቂ አይቀጣም፣ የተለዩ እርምጃዎች ይወሰዱበታል። የሕግ ክበብ ያለው ትምህርት ቤት ለአንድ ወሰነ ትምህርት የሚበቃ ክርክር ከዚህ ያገኛል።

የቻይናው «ቤተር ዴይስ» (2019፣ 135 ደቂቃ) ከኮሪያዎቹ ጋር ይምታታል እንጂ ሌላ ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሊደርስ ቀናት የቀሩት፣ ጓደኛዋ ከፎቅ ወድቃ የሞተችባት ተማሪ ጥቃቱ ወደሷ ይዞራል፤ አንድ የጎዳና ልጅ ጠባቂዋ ይሆናል። የፈተና ጭንቀቱ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሲጀምርና ሲያልቅ የተለጠፈበት የመንግሥት ማስታወቂያ መሰል ነገር ግን ያደክማል። የቻይና ሳንሱር ፊልሙን ከቀጠሮው ደጋግሞ እንዳዘገየው ለሚያውቅ ሰው ያ ማስታወቂያ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው፤ ሳትጨነቁ እለፉት።

ለትንንሾቹ፦ በልጅ ቁመት የቆመ ካሜራ

ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወይም ለአንደኛ ደረጃ መምህር የቤልጂየሙን «ፕሌይግራውንድ» (2021፣ ላውራ ዋንዴል) የሚተካ አላገኘንም። 72 ደቂቃ ብቻ ነው። ትንሿ ኖራ ትምህርት ቤት ትጀምራለች፤ ታላቅ ወንድሟ አቤል በእረፍት ሰዓት ሲደበደብ ታያለች፤ «ለአባባ እንዳትነግሪ» ይላታል። ካሜራው ከኖራ ዓይን ቁመት ላይ አይነሳም፤ አዋቂዎች እስኪያጎነብሱ ድረስ ወገባቸውና እግራቸው ብቻ ነው የሚታየው። ሙዚቃ የለም፣ የግቢው ጫጫታ ብቻ ነው። በአንድ ፊልም ውስጥ የሚያየው ልጅ፣ የሚናገረው ልጅ፣ በመናገሩ የሚቀጣው ልጅ፣ በኋላም ተጠቂው ራሱ አጥቂ ሲሆን ይታያል። ከትንንሽ ልጆች ጋር የሚታይ ቢሆንም ሁለት ቦታ ላይ በጣም ይከብዳል፤ ፕላስቲክ ከረጢት የሚታይበት የመጨረሻው አካባቢ በተለይ። አስቀድማችሁ ካላያችሁት ለልጅ አትክፈቱት።

የጃፓኑ አኒሜሽን «ኤ ሳይለንት ቮይስ» (2016፣ ናኦኮ ያማዳ፣ 130 ደቂቃ) ከ13 ዓመት ጀምሮ ይሆናል። «ካርቱን ነው» ብላችሁ ለስምንት ዓመት ልጅ እንዳትከፍቱለት፤ ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ይህ ነው። ሾያ የሚባል ልጅ መስማት የተሳናትን ሾኮን ያላግጥባታል፣ የመስሚያ መሣሪያዋን ከጆሮዋ ነጥቆ ይጥላል። ትምህርት ቤቱ ጥፋተኛ ሲፈልግ አብረውት ሲስቁ የነበሩት ጓደኞቹ እሱን ብቻ ይጠቁማሉ፤ ተራው የሱ ይሆናል። ካሜራው ከአጥቂው ጎን ነው፣ ከዓመታት በኋላ ሊክስ ሲሞክር። በዙሪያው ያሉ ሰዎች ፊት ላይ የተለጠፈው ትልቅ የኤክስ ምልክት አንድ በአንድ እየተነሳ ሲሄድ ማየት ከብዙ የመምህር ምክር ይበልጣል። ሁለት ቦታ ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብና ሙከራ አለ፤ አንዱ መክፈቻው ላይ ነው። ልዩነቱ እዚህ ፊልሙ የሚያስከትለውን ጉዳት ያሳያል፣ የሚሸልመውም መቆየትን ነው።

የአሜሪካው ተኩስ

ይህ ምድብ አዲስ አበባ ላለ ተማሪ ሩቅ ዓለም ነው። ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ አካባቢ ልጆቹን የሚያስተምር ወላጅ ግን በሩን ዘግቶ፣ መብራት አጥፍቶ፣ ጥግ ይዞ ዝም የማለት ልምምድ በልጁ ትምህርት ቤት እንዳለ ያውቃል። ልጆች ከእናትና አባታቸው ጋር የማያወሩበት ነገርም ይኸው ነው፤ ወላጁ ያደገበት ትምህርት ቤት እንዲህ አይነት ነገር ስለሌለው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

ለዚህ ቤተሰብ «ዘ ፎልአውት» (2021፣ ሜጋን ፓርክ፣ 92 ደቂቃ) ይቅደም። ጄና ኦርቴጋ የምትጫወታት ቬዳ መጸዳጃ ቤት ሳለች ተኩስ ይሰማል። ካሜራው ከመጸዳጃ ቤቱ አይወጣም፤ ሁለት ሴት ልጆች መቀመጫው ላይ ቆመው እግራቸውን ደብቀው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ አንድ ልጅ በወንድሙ ደም ተለውሶ ይገባል። ተኳሹን ጨርሶ አናየውም። ቀሪው ሁሉ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ወደ ክፍል መመለስ አለመቻል፣ ከእህት መራቅ፣ «ደህና ነኝ» እያሉ መዋሸት። ስድብ፣ ዕፅና መጠጥ አለበት፤ ደረጃውም «አር» ነው። 15 ዓመት ለሞላው ልጅ፣ አብሮት ለሚቀመጥ ወላጅ።

በ2003 በካን የፊልም ፌስቲቫል የወርቅ ዘንባባ ያገኘው የጋስ ቫን ሳንት «ኤለፈንት» (81 ደቂቃ) በተቃራኒው ምክንያት አይሰጥም። ከ1999ኙ የኮሎምባይን ትምህርት ቤት ግድያ ተነስቶ፣ ትወና ባልተማሩ የፖርትላንድ ልጆች፣ ተማሪዎቹን ከኋላ በረጅሙ እየተከተለ በኮሪደር ይሄዳል። አንዱን ቅጽበት ከሦስት ልጆች አቅጣጫ ደግሞ ያሳየናል። ለፊልም ተማሪ ግሩም ነው። መልስ ለሚፈልግ ልጅ ግን ባዶ እጁን ይመልሰዋል፤ ገዳዮቹንም በቅርበት ስለሚያሳይ ለታዳጊ አንመርጠውም።

«ዊ ኒድ ቱ ቶክ አባውት ኬቨን» (2011) የእናት ፊልም ነው፣ ቲልዳ ስዊንተን ብቻዋን ትሸከመዋለች። ሲፈጠር ጀምሮ ክፉ የሆነ ልጅ ያሳያል፤ ልጁ ያስቸገረው ወላጅ ይህን ቢያይ ከመደናገጥ ሌላ የሚያተርፈው የለም። ለእንዲህ ያለው ወላጅ «ማስ» ይሻላል፦ የሟች ልጅና የገዳይ ልጅ ወላጆች በአንድ የቤተ ክርስቲያን ክፍል ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ያለፈውን የሚያሳይ ምስል የለም፣ ወሬ ብቻ።

ለመምህራን ስብሰባ

ሁለት ፊልሞች አሉ። የጀርመኑ «ዘ ቲቸርስ ላውንጅ» (2023፣ 98 ደቂቃ) ስለ ድብደባ ሳይሆን ስለ ስርቆት ነው። የወንዶቹ ቦርሳ ይፈተሻል፣ ገንዘብ የተገኘበት ከስደተኛ ቤተሰብ የመጣ ልጅ ይጠረጠራል። አንዲት ጥሩ ሐሳብ ያላት መምህርት ላፕቶፗን ካሜራው ሳይጠፋ ትተዋለች፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ማንንም ሳይመታ አንድ ትምህርት ቤት እንዴት ጉልበተኛ እንደሚሆን ከዚህ በላይ ያሳየ የለም።

የጃፓናዊው አዘጋጅ ኮሬኤዳ «ሞንስተር» (2023፣ 126 ደቂቃ) አንዱን ታሪክ ሦስት ጊዜ ይነግረናል፤ በእናትየው፣ በመምህሩ፣ በመጨረሻም በልጆቹ በኩል። መጀመሪያ ላይ መምህሩ ጨካኝ ነው፤ ርዕሰ መምህሯና ባልደረቦቹ ተሰልፈው እንደ ማሽን ይቅርታ ሲጠይቁ እናትየው ልትፈነዳ ትደርሳለች። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ፍርዳችን ይገለበጣል። ለስብሰባ ስታሳዩት የእናትየው ዙር እንዳለቀ አቁሙና እያንዳንዱ መምህር በወረቀት ላይ ፍርዱን ይጻፍ፤ ከዚያ ቀጥሉ።

የጃፓኑን «ኮንፌሽንስ» (2010) የሚጠይቁን አሉ። ልጇ የተገደለባት መምህርት ክፍሉን የምትበቀልበት ነው። በጣም ያምራል፣ በጣም ይመርዛል፤ ለአዋቂ፣ ለብቻው።

ስታሳዩ የሚበላሸው የት ነው?

መጀመሪያ በ«ትርጉም»። ተራኪው በላዩ ላይ የሚያወራበት የአማርኛ ትርጉም ለድብድብና ለፍቅር ድራማ ይሠራ ይሆናል። እነዚህን ፊልሞች ግን ይገድላል። «ኤ ሳይለንት ቮይስ» ውስጥ ሾኮ በምልክት ቋንቋ ከምትለው ሳይተረጎም የተተወ አለ፤ ተራኪው ግን ዝምታ አይችልምና ይሞላዋል። «ፕሌይግራውንድ»ም ላይ ጫጫታው ራሱ ትረካው ነው። ዋናውን ድምፅ ከሰብታይትል ጋር ተጠቀሙ። እንግሊዝኛው ለ7ኛ ክፍል ይፈጥናል፤ ስለዚህ ገጸ ባሕርያቱንና መነሻውን የሚያስተዋውቅ አንድ ገጽ በአማርኛ አዘጋጁና ከመጀመራችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የሰብታይትሉ ፋይል ስሙ ከፊልሙ ፋይል ስም ጋር አንድ ከሆነ ቪኤልሲ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ራሱ ይከፍተዋል። ጽሑፉ ከድምፁ ከቀደመ ወይም ከዘገየ «ጂ» እና «ኤች» ቁልፎች በየ50 ሚሊ ሰከንድ ወደኋላና ወደፊት ይወስዱታል፤ አንድ ሰከንድ ለማስተካከል ሃያ ጊዜ መጫን ነው።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ሃምሳ ልጅ ባለበት አዳራሽ የላፕቶፕ ድምፅ ማጉያ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም፤ ከኋላ ያሉት ማውራት ይጀምራሉ፣ ከባዱ ትዕይንት ሲመጣ ይስቃሉ። የሳቁት ጨካኝ ስለሆኑ ሳይሆን ስላልሰሙ ነው። የሚኒ ሚዲያውን ስፒከር አምጡ፣ ከአንድ ቀን በፊትም ሞክሩት።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ 72 ደቂቃው «ፕሌይግራውንድ» ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበላና 8 ደቂቃ ይተርፋል፤ ያ ለውይይት አይበቃም፣ ሦስተኛ ያዙለት። «አዶለሰንስ»ን መሃል ላይ ማቆም አይመከርም፤ ሳይቆረጥ የተቀረጸበት ኃይል ይጠፋል። ተከታታይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ውሰዱና አንድ ክፍል ብቻ አሳዩ። መብራት ቢጠፋ የት ላይ እንደምትቀጥሉ ደቂቃውን ጽፋችሁ ያዙ። የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ደወል ከተደወለና ልጆቹ እንዲሁ ከወጡ ግን ባታሳዩ ይሻል ነበር።

አራተኛው ጥያቄው ነው። «ከእናንተ ውስጥ እንዲህ የደረሰበት አለ?» ብሎ በአደባባይ መጠየቅ ተጠቂውን ሁለተኛ ጊዜ ማጥቃት ነው፤ ሁሉም ዞሮ እሱን ያየዋል። «ጥፋተኛው ማነው?» ከሚለውም አትጀምሩ፤ መልሱ ሁልጊዜ ከእነሱ የራቀ ሰው ይሆናል። «ያየው ማን ነበር? ያየ ሰው በዚያች ደቂቃ ምን ማድረግ ይችል ነበር?» ብሎ መጀመር ይሻላል። ጥቃቱን በድራማ ደግመው እንዲጫወቱት ማድረግም ይቅር፤ በክፍሉ ውስጥ ያለው እውነተኛ አጥቂ ሚናውን በደስታ ይወስደዋል።

ከመጀመሩ በፊት «መውጣት የፈለገ ምክንያት ሳይናገር መውጣት ይችላል» በሉ፣ በሩ አጠገብም ልጆቹ የሚወዱት አንድ አዋቂ ይቀመጥ። የወጣውን ልጅ ተከትሎ አብሮ ይቁም፣ አይመርምረው። ሲያልቅ ለሁሉም ተመሳሳይ ብጣሽ ወረቀት አድሉ። የሚጽፈው የሌለው «ምንም» ብሎ ይጻፍ፤ ሁሉም ካልጻፈ የጻፈው ይታወቃል። ማነጋገር የሚፈልግ ስሙን ያስቀምጥ፣ የማይፈልግ ይተው። ወረቀቶቹን ክፍሉ ውስጥ አትክፈቱ። በዚያው ቀን ከሁለት የማይበልጡ ሰዎች ያንብቧቸው፤ ስም የጻፈው ልጅ ከማግስቱ ሳያልፍ ይጠራ፣ ሲጠራም «ቢሮ ትፈለጋለህ» ተብሎ በክፍሉ ፊት አይሁን።